ሰው የሚጠብቀው ሥራ ስጧቸው

ይድረስ፦ ተለማማጅ ለምትቀበሉ የመሥሪያ ቤትና የድርጅት ኃላፊዎች፣ እንዲሁም ተማሪዎቻችሁን ለኢንተርንሺፕ ለምትልኩ የዩኒቨርሲቲ አስተባባሪዎች

ጉዳዩ፦ ስለ ተመራቂ ተማሪዎች የተግባር ልምምድ

የልምምድ ወቅት ሲደርስ ማኅተም ያረፈበት የትብብር ደብዳቤ የያዙ ወጣቶች በራችሁን ማንኳኳት ይጀምራሉ። ደብዳቤው ከዓመት ዓመት አይለወጥም። ተማሪው በድርጅታችሁ የተግባር ልምምድ እንዲያደርግ ትብብራችሁን ይጠይቃል፣ ስሙንና የትምህርት ክፍሉን ይነግራችኋል፣ የሚቆይበትን ጊዜ ይጠቅሳል፣ ያበቃል። ምን እንዲሠራ፣ ማን እንዲያሠራው፣ ሲወጣ ምን ችሎ እንዲወጣ የሚል አንድ መስመር አይገኝበትም። እኛም ጥግ ላይ «ይስተናገድ» ብለን እንፈርምና ወደ አንዱ ክፍል እንመራዋለን። ይህን ደብዳቤ እንድጽፍላችሁ ያነሳሳኝ ያቺ አንዲት ቃል ናት። የሚስተናገድ እንግዳ ነው። እነዚህ ልጆች ግን የሚመጡት ሥራ ሊለምዱ ነው።

እኔ ራሴ ተስተናግጄ አውቃለሁ። የሂሳብ አያያዝ ተማሪ ሳለሁ ለሁለት ወር የተመደብኩበት መሥሪያ ቤት መስኮት ሥር ወንበር ሰጠኝ። ፎቶ ኮፒ አነሳሁ፣ ፋይል በቁጥር ደረደርኩ፣ ደብዳቤ ከቢሮ ቢሮ አደረስኩ። ቀሪውን ጊዜ ሰዎች ሥራቸውን ሲሠሩ ከጀርባቸው ሆኜ እያየሁ አሳለፍኩት። ክፉ ሰዎች አልነበሩም፤ ሰላምታቸው ሞቅ ያለ ነበር። ግን እኔ ብኖርም ባልኖርም የሚጎድል ነገር አልነበረም። አንድ ጊዜ ታምሜ ሦስት ቀን ቀርቼ ስመለስ መቅረቴን ያስተዋለ ሰው አላገኘሁም። በመጨረሻው ሳምንት የግምገማ ቅጹን የሞሉልኝ ኃላፊ መጀመሪያ ስሜን ጠየቁኝ፤ ከዚያ በሁሉም መስፈርት «በጣም ጥሩ» የሚለው ላይ ምልክት አደረጉልኝ።

የዚያ ሁለት ወር ዋጋ የታወቀኝ ከተመረቅሁ በኋላ ነው። በመጀመሪያው የሥራ ቃለ መጠይቄ ሲቪዬን የያዙት ሴት «ልምምድ ሠርቻለሁ ብለሃል፤ ምን ሠራህ?» አሉኝ። አፌን ከፈትኩ፤ የሚወጣ ነገር ጠፋ። «የሂሳብ ክፍሉን አሠራር ተመልክቻለሁ» አልኩ። እሳቸውም ራሳቸውን ነቅነቅ አድርገው ወደሚቀጥለው ጥያቄ አለፉ። ሥራውን አላገኘሁም።

ዛሬ በዚያ ጠረጴዛ ማዶ የምቀመጠው እኔ ነኝ። የአንድ ሂሳብ ክፍል ኃላፊ ሆኜ ለዓመታት ተለማማጆች ተቀብያለሁ፣ የአዲስ ምሩቃንን ሲቪ አንብቤያለሁ። የምሩቃን ሲቪ ምን ያህል እንደሚመሳሰል የማታውቁ አትመስሉኝም። ኮርሱ አንድ ነው፣ የሚችሏቸው የኮምፒውተር ፕሮግራሞች ስም አንድ ነው፣ «በቡድን መሥራት እችላለሁ» የምትለው ዐረፍተ ነገር እንኳን ቃል በቃል አንድ ናት። ከመካከላቸው አንዱን ለይቼ እንድጠራው የሚያደርገኝ ብዙ ጊዜ አንድ መስመር ነው፤ እጁ የነካውን ሥራ በስሙ የሚጠራ መስመር።

ከጥቂት ዓመታት በፊት ወደ ክፍላችን የተመደበች አንዲት ተማሪ ነበረች። በመጀመሪያው ሳምንት ገቢ ደረሰኞችን መዝገብ ላይ እንድታስገባ አደረግሁ፤ በሁለተኛው ሳምንት የባንክ ማስታረቂያ ሰጠኋት። ሙያው ውስጥ ለሌላችሁ ላስረዳ። ድርጅቱ ባንክ ያለውን ገንዘብ በራሱ መዝገብ ይይዛል፤ ባንኩም በበኩሉ ይይዛል። ወሩ ሲያልቅ ሁለቱ ቁጥሮች እኩል አይመጡም። ተጽፎ የተሰጠ ግን ገና ያልተመነዘረ ቼክ ይኖራል፤ በመጨረሻው ቀን ገቢ ተደርጎ ባንኩ ጋ ያልተመዘገበ ገንዘብ ይኖራል፤ ባንኩ የቆረጠው፣ እኛ ያልመዘገብነው የአገልግሎት ክፍያ ይኖራል። ሥራው ልዩነቱ ከየት እንደመጣ አንድ በአንድ ማሳየት ነው። በክፍል ውስጥ ይህ ጥያቄ በአንድ ገጽ ይመጣል፤ የሚያስፈልገው መረጃ በሙሉ ተዘርዝሯል፤ መልሱም በመጨረሻ ይገጥማል። ቢሮ ውስጥ ግን የጠፋ ደረሰኝ አለ፣ የማይነበብ ጽሕፈት አለ፣ ተሰርዞ ሳለ ከመዝገብ ያልወጣ ቼክ አለ።

ልጅቷ ሁሉንም ለቅማ ምንጩ ያልታወቀ የ540 ልዩነት ቀረባት። ሁለት ቀን ሙሉ ፈለገች። በሦስተኛው ቀን ጡረታ ሊወጡ ጥቂት ወራት የቀራቸው ባልደረባችን አጠገቧ ቆም አሉና «ልጄ፣ እስቲ ለ9 አካፍዪው» አሏት። 60 መጣ፤ ቀሪ የለውም። «እንግዲያው ሁለት አኃዝ ቦታ ተቀያይሮ ይሆናል፤ እሱን ፈልጊ» ብለው ወደ ወንበራቸው ተመለሱ። ብዙም ሳትቆይ አገኘችው። 5,820 ተብሎ መግባት የነበረበት ገቢ 5,280 ተብሎ ገብቷል። ጎን ለጎን ያሉ ሁለት አኃዞች ሲቀያየሩ የሚፈጠረው ልዩነት ምንጊዜም ለ9 ይካፈላል። ይህ በሂሳብ ሰዎች ዘንድ የታወቀ የቆየ ብልሃት ነው፤ እሷም የሆነ ኮርስ ላይ ሰምታው ይሆናል። እስከ ዕድሜ ልኳ የማትረሳው ግን ሁለት ቀን ስለተንከራተተችበት ነው።

ከዚህ ሁሉ ይበልጥ የማስታውሰው ቀጥሎ የሆነውን ነው። ቢሮዬ ድረስ መጥታ «ጋሼ፣ ያን ገቢ ባለፈው ሳምንት ያስገባሁት እኔ ነኝ» አለችኝ። ድምፅዋ ይንቀጠቀጥ ነበር። ማንም አልጠየቃትም፤ ዝም ብላ ልታልፈው ትችል ነበር። አጠገቤ አስቀምጬ የማስተካከያ ምዝገባ እንዴት እንደሚሠራ፣ የቀድሞው ለምን እንደማይደለዝ አሳየኋት። ራሷ ሠራችው። የወሩን ሪፖርት ሲጠባበቁ የነበሩት ሥራ አስኪያጅ በዚያው ቀን ደረሳቸው። በማግስቱ ጠዋት ስትገባ አካሄዷ ሌላ ነበር።

ይህን ያህል በዝርዝር የነገርኳችሁ ያለ ምክንያት አይደለም። አንድ ወጣት ለመቀጠር ብቁ ነው ስንል የምንደረድራቸው ቃላት፣ ኃላፊነት መውሰድ፣ ችግር መፍታት፣ ከሰው ጋር መግባባት፣ በየሥራ ማስታወቂያው ላይ ተጽፈው በየሲቪው ላይ ተገልብጠው ትርጉማቸው አልቋል። እነዚያ ሦስት ቀናት ውስጥ ግን ሁሉም አሉ። በትምህርት ቤት የተሳሳተ ተማሪ የራሱን ነጥብ ያጣል፤ ነገሩ በዚያ ያበቃል። በሥራ ቦታ የእኔ ስህተት የሌላ ሰው ምሽት ይበላል። ይህን ልዩነት በሌክቸር ማስተማር አይቻልም። አንድ ሰው ሥራችሁን ሲጠብቅ፣ እናንተም መጠበቁን ስታውቁ ነው የሚገባው። መቼ መጠየቅ እንዳለበት፣ ሳይጠይቅ ስንት ሰዓት መታገል እንዳለበት፣ «በቀጠሮው አልደርስም» የሚለውን ቃል ቀጠሮው ከማለፉ በፊት እንዴት እንደሚናገረው፣ እነዚህ ሁሉ ከዚያ ወዲያ ይመጣሉ። ልምምድ ላይ ሆኖ «ይህ ሙያ የእኔ አይደለም» ብሎ የተረዳ ተማሪም አጋጥሞኛል፤ ሁለት ዓመት ተቀጥሮ ከሚደርስበት በስምንት ሳምንት መድረሱ ለእሱም ለቀጣሪውም ትርፍ ነው።

ያቺ ልጅ ስትመረቅ የሥራ ቃለ መጠይቅ ገባች፤ ለእኔ የቀረበልኝ ጥያቄ ለእሷም ቀረበላት። የ540ውን ነገር ነገረቻቸው። ጠያቂዎቹ ካሰቡት በላይ አቆዩዋት። ከዚያ ወደ እኔ ደወሉ። ስለ ውጤቷ ይጠይቁኛል ብዬ ስጠብቅ «ስትሳሳት ምን ታደርጋለች?» አሉኝ። መልሱን በዓይኔ አይቼው ነበርና ነገርኳቸው። ቀጠሯት። ያኔ እኔን ለገመገሙኝ ኃላፊ ይኸው ጥያቄ ቢቀርብላቸው ምን ይመልሱ ነበር? ስሜን እንኳ አያውቁም ነበር።

«ይህ የአንዲት ልጅ ታሪክ ነው» የሚለኝ ይኖራል። ልክ ነው። ጎበዝ ተማሪ ጥሩ የልምምድ ቦታ ስለሚያገኝ፣ ኋላ ሥራ ማግኘቱ የልምምዱ ፍሬ ይሁን የጉብዝናው መለየት እንደሚያስቸግርም አውቃለሁ። ይህን ለመለየት በአሜሪካ ያሉ የኢኮኖሚ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2013 ጥሩ ዘዴ ተጠቅመዋል። በሌሉ ምሩቃን ስም ከ9,000 በላይ ሲቪ አዘጋጅተው ለእውነተኛ የሥራ ማስታወቂያዎች ላኩ። ልምምድ ሠርቷል የሚለው መስመር በየትኛው ሲቪ ላይ እንደሚገባ የተወሰነው በዕጣ ነው፤ ስለዚህ በሁለቱ ወገን መካከል የጉብዝና ልዩነት ሊኖር አይችልም። መስመሩ ያለባቸው ለቃለ መጠይቅ የመጠራት ዕድላቸው በ14 በመቶ ገደማ ከፍ ብሎ ተገኘ። በዚያው ጥናት፣ ለንግድና ለፋይናንስ ነክ ሥራዎች ሲያመለክቱ የንግድ ነክ ዲግሪ መያዝ ከሌላ ዲግሪ የተሻለ እንደጠቀመ የሚያሳይ ማስረጃ አልተገኘም። የዲግሪው ዓይነት ያላስገኘውን ልዩነት የአንድ ክረምት ልምምድ አስገኘ ማለት ነው። በጀርመን ደግሞ በትምህርት ፕሮግራማቸው ልምምድ ግዴታ የሆነባቸውና ያልሆነባቸው ምሩቃን ተነጻጽረው፣ በልምምዱ ምክንያት የሚገኘው የደመወዝ ብልጫ 6 በመቶ ገደማ ሆኖ ታይቷል።

እነዚህን ቁጥሮች ስታነቡ አንድ ነገር አብራችሁ አስቡልኝ። የአሜሪካው ጥናት የለካው እስከ በሩ ድረስ ያለውን ነው። ሰው የሌለበት ሲቪ ነውና ቃለ መጠይቅ ሊገባ አይችልም። ለእኔም እኮ ያ መስመር በሩን ከፍቶልኛል፤ ተጠርቼ ገብቻለሁ። ከበሩ ወዲያ የምትጠብቀው «ምን ሠራህ?» የምትለዋ ጥያቄ ናት፤ እሷን የሚመልሰው ደግሞ እናንተ በእነዚያ ሳምንታት የሰጣችሁት ወይም የነፈጋችሁት ሥራ ነው።

ነገሩ ዛሬ የተፈለሰፈ እንዳይመስላችሁ። ሄርማን ሽናይደር የተባሉ መሐንዲስና መምህር፣ ጥሩ ቦታ ከደረሱ የቀድሞ ተማሪዎች ብዙዎቹ ሳይመረቁ ሥራ ይሠሩ እንደነበር አስተውለው፣ ትምህርትንና ሥራን የሚያፈራርቅ ሥርዓት ነደፉ። በአሜሪካ የሚገኘው የሲንሲናቲ ዩኒቨርሲቲ የቦርድ አባላት ለአንድ ዓመት ብቻ ይሞከር፣ ባይሳካ ግን እኛ የለንበትም ብለው ፈቀዱላቸው። እ.ኤ.አ. በ1906 በ27 የምህንድስና ተማሪዎች ተጀመረ። እኔን የሚማርከኝ አደረጃጀቱ ነው። ተማሪዎቹ ሁለት ሁለት ሆነው ይጣመራሉ፤ አንደኛው ሳምንቱን ክፍል ሲማር ሁለተኛው ፋብሪካ ውስጥ ይሠራል፤ በሚቀጥለው ሳምንት ይቀያየራሉ። የሥራ ቦታው አንድም ሳምንት ባዶ አይሆንም። ፋብሪካው በዚያ ቦታ ላይ ሰው ይፈልጋል፣ ሥራውን ይጠብቃል፣ ካልተሠራ ይጎድልበታል ማለት ነው። ከመቶ ዓመት በላይ ያለፈው ይህ አሠራር፣ ዛሬ ብዙ ቦታ የጎደለው ምን እንደሆነ ከማንም በላይ ያሳየኛል። ሕክምናም ይህን ከተረዳ ቆይቷል፤ ፈተናውን ሁሉ ያለፈ የሕክምና ተማሪ እንኳ በኃላፊ ሐኪም ሥር ሆኖ ታካሚ ፊት ሳይቆም ብቻውን እንዲያክም አይለቀቅም። የሌሎቻችን ሙያ ለምን ከዚህ ያነሰ ይገባዋል?

«ጊዜ የለንም» እንደምትሉ አውቃለሁ፤ እኔም ብያለሁ። የመጀመሪያዎቹ ሁለት ሳምንታት በእርግጥ ይከብዳሉ። ራሴ በአንድ ሰዓት የምጨርሰውን ለማሳየት ግማሽ ቀን ይሄድብኛል። ከሦስተኛው ሳምንት ጀምሮ ግን ያ ሰዓት ይመለስልኛል፤ ደግሞም ስምንት ሳምንት ሲሠራ ያየሁትን ሰው በአርባ ደቂቃ ቃለ መጠይቅ ካየሁት ሰው ጋር አላወዳድረውም። ከክፍላችን ምርጥ ሠራተኞች መካከል ሁለቱን ያገኘሁት በዚህ መንገድ ነው። «ምስጢር አለን» ለምትሉም፣ ምስጢር ያልሆነ ሥራ የሌለበት ቢሮ አላየሁም። «ያበላሹብናል» ለምትሉ፣ ሥራቸው ከመጽደቁ በፊት የሚያየው ሰው መድቡ፤ ይህ ለቋሚ ሠራተኛም ያስፈልጋል።

አሁን ስለ ክፍያ ልናገር፤ ይህን ስጽፍ እጄ ይከብደኛል። ተለማማጅ ትራንስፖርት ይከፍላል፣ ይበላል፣ የሚያድርበት ይፈልጋል። ያለ ምንም ክፍያ ወራት መቆየት የሚችለው ቤተሰቡ የሚደግፈው ልጅ ብቻ ነው። ልምምድ የሥራ በር ከከፈተ፣ ያለ ክፍያ የሚሠራ ልምምድ ያንን በር ለደሃው ልጅ ይዘጋዋል። እ.ኤ.አ. በ2015 በተባበሩት መንግሥታት ድርጅት ያለ ክፍያ ይሠራ የነበረ አንድ ወጣት ጄኔቫ ውስጥ የቤት ኪራይ አልቻልኩም ብሎ በድንኳን ሲያድር መገኘቱ በዓለም ዜና ሆኖ ነበር። ከዚያ በፊት በነበረው ዓመት የአውሮፓ ኅብረት ምክር ቤት ስለ ልምምድ ጥራት ባወጣው ምክረ ሐሳብ የጽሑፍ ውል፣ የትምህርት ግብ፣ የሚከታተል ሰው እንዲኖርና ልምምዱ በመርኅ ከ6 ወር እንዳይበልጥ ጠይቋል። ፈረንሳይ ከ2 ወር ለሚበልጥ ልምምድ ክፍያን በሕግ ግዴታ አድርጋለች። ደመወዝ መክፈል የማትችሉ ካላችሁ ቢያንስ የመጓጓዣና የምግብ ወጪያቸውን ሸፍኑ። ይህም ካልተቻለ ቆይታውን አሳጥሩት፤ በሳምንት ሦስት ቀን አድርጉትና ቀሪውን ቀን ለኑሯቸው ይሩጡበት። የቋሚ ሠራተኛን ቦታ ወር ከወር በተለማማጅ እየሸፈናችሁ «እያስተማርን ነው» የምትሉትን ግን እለምናችኋለሁ፣ ተዉ። ልጁ ሥራ እንዲለምድ የመጣው አንድ ቀን ለመቀጠር ነው፤ እናንተ የያዛችሁት የእሱን የወደፊት ቦታ ነው።

ለዩኒቨርሲቲዎች የምለው አጭር ነው። ያንን ደብዳቤ ለውጡት። ተማሪው የወሰዳቸውን ኮርሶችና ሊሞክር የሚችላቸውን ሥራዎች ጻፉልን፤ አስተባባሪው ስልክ ቁጥሩን ይስጠን። አድቫይዘሩ በመጨረሻው ቀን ለፊርማ ከሚመጣ በሁለተኛው ሳምንት ይምጣ፤ ልጁ ሥራ ሳይሰጠው ከቆየ የሚስተካከለው ያኔ ነው። ሪፖርቱን ደግሞ እባካችሁ እዩት። ግማሹ የድርጅቱ ታሪክ፣ ራእይና ተልእኮ ነው፤ ካለፈው ዓመት ተማሪ የተገለበጠ ነው። «በእጅህ የሠራኸውን አንድ ሥራ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ንገረን፤ የት ተሳሳትክ፣ ማን አረመህ?» ብላችሁ ብትጠይቁት በሁለት ገጽ እውነቱን ታውቃላችሁ። እሱም የመጀመሪያ ቃለ መጠይቁን እዚያው ተለማመደ ማለት ነው።

ይህ ደብዳቤ እጃቸው ለሚገባ ተማሪዎችም አንድ ቃል አለኝ። ወንበር ብቻ ከተሰጣችሁ እንደ እኔ ሁለት ወር አትቀመጡ። በክፍሉ ውስጥ ሥራ የበዛበትን ሰው ፈልጉና «ከዚህ ውስጥ የትኛውን ልያዝልዎት?» በሉት። እኔ ይህን ጥያቄ ያልጠየቅሁት አፍሬ ነበር። ዛሬ ግን ሥራ በዝቶበት ይህ ጥያቄ የሚያስቀይመው ሰው እንደሌለ አውቃለሁ። በየቀኑ ማታ የሠራችሁትን በአንድ መስመር ጻፉ፤ ከዓመት በኋላ ሲጠይቋችሁ ቁጥሩ ሳይቀር ታስታውሳላችሁ።

ለዘንድሮ ልምምድ የተላከ ደብዳቤ ጠረጴዛዬ ላይ አለ፤ የአራት ተማሪዎች ስም ይዟል። ጥግ ላይ «ይስተናገድ» አላልኩበትም። በየስሙ ትይዩ አንድ ሥራና ሥራውን የሚጠብቀውን ሰው ስም ጽፌበታለሁ። የመጀመሪያዋ ሰኞ ትጀምራለች፤ የንብረት ክፍል ኃላፊያችን የግማሹን መጋዘን ቆጠራ ሐሙስ ከሰዓት በኋላ ከእጇ ይቀበላሉ። ነግሬያቸዋለሁ፤ እየጠበቋት ነው።

ከአክብሮት ጋር
አንድ የሂሳብ ክፍል ኃላፊ